ዘፈን ሲታጠፍ

ዘፈን ከጥንት ጀምሮ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይሰማል። ይህን ለማረም የተነሡ የዘመኑ የጥበብ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ዜማውን ይነቅላሉ፣ ከበሮውን ያባርራሉ፣ ድምፃዊውን ወደ ቤቱ ይሸኛሉ። የተረፈውን ግጥም ባለ ስድስት ክንፍ ተጣጣፊ መከለያ ላይ ይጽፉና በነጭ አዳራሽ መካከል ያቆሙታል። ተመልካቹም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን ይዞራል። እግሩ ምት ልምታ ቢለው ጠባቂው በዓይኑ ይገላምጠዋል።

ከዕቃ ሁሉ መከለያን መምረጣቸው ደግሞ ያስደንቃል። ብዙው አንባቢ መከለያን የሚያውቀው ከክሊኒክ ነው፤ መርፌ የሚወጋ ሰው ከጀርባው ሱሪውን ዝቅ ያደርጋል። ሲሠራም ለመደበቅ ነው የተሠራው። ለመቆም የግድ ዚግዛግ መታጠፍ አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ የቆመ ተመልካች ሦስቱ ክንፎች ፊት ለፊት ይታዩታል፣ ሦስቱ ፊታቸውን ያዞሩበታል። «ፍቅሬ» አንዱ ክንፍ ላይ ቢጻፍ፣ «ጥላኝ ሄደች» እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል። በቀኝ በኩል የቆመው ያለቅሳል፣ በግራ ያለው እንኳን ደስ አለህ ይላል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማብራሪያ ለዚህም ስም አያጣለትም።

ግጥም መከለያ ላይ ማስፈር ጃፓኖችም ያውቁበታል። ሠዓሊው ኦጋታ ኮሪን ግን በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ መልካም አጋጣሚ አመለጠው። በእጁ የነበረው የታወቀ የጥንት ታሪክ ነው፦ መንገደኞች ረግረግ ዳር አረፉ፤ አንዱ የአይሪስ አበባ አይቶ ግጥም ገጠመ፤ የስንኞቹ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ የአበባውን ስም ይሰጣሉ፤ ባልንጀሮቹም ሰምተው አለቀሱ፣ እንባቸው ደረቅ የሩዝ ስንቃቸውን አራሰው። ኮሪን ከዚህ ሁሉ ምን ወሰደ? አበባውን ብቻ! በሁለት ባለ ስድስት ክንፍ መከለያዎች ላይ፣ በወርቅ መደብ፣ ሰማያዊ አበባና አረንጓዴ ቅጠል። አንዲት ስንኝ የለችበትም፣ አንድ መንገደኛ የለበትም። ግጥሙን የሚያውቅ ሰው ራሱ በልቡ ይበለው ብሎ ተወው። ሥራው ዛሬ በቶኪዮው ኔዙ ሙዚየም ይገኛል፤ ያለ ማብራሪያ እንኳ ያምራል፣ ምስኪን።

ገበያው ግን ፊደል ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሐራጅ ቤቱ ሶዘቢስ ዘፋኙ ቦብ ዲላን በሆቴል ወረቀት ላይ የሞነጫጨረውን የ«ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ዘፈን ግጥም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው። አራት ቅጠል ወረቀት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ስርዝ ድልዝ ግን ሞልቶታል።

ራሱ ዲላን በ2017 በኖቤል ንግግሩ ዘፈን የሚዘፈን እንጂ ወረቀት ላይ የሚነበብ እንዳልሆነ አስረድቶ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በ2018 ለንደን ሃልሲዮን ጋለሪ ውስጥ ግጥሞቹን በእጅ ጽፎ፣ በእርሳስ ሥዕል አጅቦ ለሽያጭ አቀረበ። አንዳንዶቹን ስንኞችም በዚያው ለወጣቸው። እናም ያንን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለ ባለጸጋ አንድ ምሽት ሸክላውን አስነሥቶ ከግድግዳው እያነበበ አብሮ ልዝፈን ቢል፣ እሱ ሌላ ዲላን ሌላ ይላሉ።