ንጉሥ ያቅዳል፣ እግር ያርማል

ከተማን የሚያቅደው ማን ነው ቢባል ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤት ይቀስራል። እርግጥ ነው፣ ገዢ ወረቀት ዘርግቶ መስመር ያሰምራል፤ ማኅተም ይመታል፤ አዋጅ ያስነግራል። ነዋሪው ግን አዋጁን ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ በሚቀርበው መንገድ ይሄዳል። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ማን እንደረታ ለማወቅ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይበጅም፤ ከመኪና መስኮት የሚታየው የፊተኛው መኪና ኋላ ነው። ክርክሩ የተጻፈው በመሬቱ ላይ ስለሆነ የሚነበበውም በእግር ነው። በጃፓን ጥንታዊ መዲናዎችና የወደብ ከተሞች ደግሞ ንባቡ ይጥማል፤ በዚያ አቃጁ እጅግ ጥንቁቅ፣ እግሩም እጅግ እልኸኛ ነበርና።

በኪዮቶ እንጀምር። በ794 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሠ ነገሥት ካንሙ መዲናቸውን ወደዚህ ሲያዛውሩ የቻይናዋን ቻንግአንን አርአያ አድርገው ከተማዋን በቀጥታ ጎዳናዎች ከፋፈሏት። ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ወደ ደቡብ የሚወርደው የሱዛኩ ጎዳና ከ80 ሜትር በላይ ይሰፋ ነበር። በዚያ ዘመን መንገድ የሚያጨናንቀው በበሬ የሚጎተት ጋሪ ስለነበር ስፋቱ ለግርማ እንጂ ለትራፊክ እንዳልታሰበ ግልጽ ነው። ከተማዋም በጎዳናው ግራና ቀኝ እኩል እንድትለማ ታዝዛ ነበር። ነገር ግን የምዕራቡ ወገን ረግረግ ሆነ፤ ጭቃ ደግሞ አዋጅ አይሰማም። ሰዉ እግሩን ከማጡ እየነቀለ ወደ ምሥራቅ ተሻገረና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራቡ ጭር አለ። የዚያ ታላቅ ጎዳና ቦታ ዛሬ በአብዛኛው ሴንቦን የሚባል ተራ መንገድ ነው። አሁን ጎብኚ የሚሰለፍበት ቤተ መንግሥት ሳይቀር ከመጀመሪያው ሥፍራ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ሕዝብ ቤተ መንግሥትን ይከተላል ሲባል እንሰማለን፤ በኪዮቶ ግን ቤተ መንግሥቱ ነው ሕዝቡን የተከተለው።

ከኪዮቶ በፊት ከ710 እስከ 784 መዲና የነበረችው ናራ የባሰ ገጠማት። ንጉሡ ሲሄድ ቤተ መንግሥቱ እርሻ ሆነ፤ ዛሬም የከተማ ባቡር ግቢውን አቋርጦ ያልፋል። ተሳፋሪው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ አንድ ሙሉ መንግሥት ያመልጠዋል። ኑሮ የቀጠለው በምሥራቅ በኩል በታላላቆቹ ቤተ መቅደሶች ዙሪያ ሲሆን፣ በዚያ እግረኛውን የሚቀበሉት ከሺህ የሚበልጡ አጋዘኖች ናቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ ብስኩቱ ከዘገየ ግን ኮት ይነክሳሉ። ከጥንቱ የግቢ ሥርዓት ሳይጓደል የተረፈው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ካማኩራ ደግሞ የጦረኞች መዲና ነበረች። ሾገን የተባሉት የጦር ገዢዎች በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚያ የተቀመጡት ሦስቱ ወገን ተራራ፣ ደቡቡ ባሕር መሆኑን አይተው ነው። በተራራው ላይ ጠባብ መተላለፊያዎች ተፈለፈሉ፤ ስመ ጥሮቹ ሰባት ናቸው። ዛሬም በአሳኢና ወይም በናጎኤ በእግሩ የሚያልፍ ሰው ዓለቱ ከግራና ከቀኝ ሲጠጋው ያልጠራው እንግዳ መሆኑ ይሰማዋል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። በ1333 የሾገኖቹ ጠላት የሆነው የጦር አለቃ ኒታ ዮሺሳዳ ጦሩን ይዞ መጥቶ እነዚህን በሮች መስበር አቃተው። ስለዚህ ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ በኢናሙራጋሳኪ ዳርቻ በአሸዋው ዞሮ ገባ። ትረካው፣ ሰይፉን ለባሕር አምላክ ስለወረወረ ውኃው ሸሸለት ይላል። የሰይፉም ይሁን የባሕሩ ልማድ፣ ያ ሁሉ ምሽግ የከሸፈው ማንም ባላቀደው የእግር መንገድ ነው።

መዲናዎቹ እግርን ሊመሩት ከሞከሩ፣ ወደቦቹ ሊያስሩት ሞክረዋል። በ1636 በናጋሳኪ የተሠራችው ሰው ሠራሽ ደሴት ደጂማ አንድ ሄክታር ተኩል ያህል ብቻ ናት። ከ1641 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆላንዳውያን ነጋዴዎች ያለ ፈቃድ ድልድዩን እንዳይሻገሩ ተደርገው ተቀመጡባት። ሽርሽር ያማረው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ባሕር ያገኛል፤ ዞሮም ሌላ ባሕር ያገኛል። ዮኮሐማ ላይ ደግሞ አጥሩ የወረቀት ነበር። ጃፓን ወደቦቿን ለውጭ ነጋዴዎች ለመክፈት በ1858 የገባችው ውል የሚከፈተው ወደብ ካናጋዋ ነው ይላል። ካናጋዋ ግን ከኤዶ (ከዛሬዋ ቶኪዮ) ወደ ኪዮቶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለሆነች፣ መንግሥት ባዕድና መንገደኛ እንዳይገናኙ ፈርቶ በ1859 ማዶ ያለችውን ትንሽ መንደር ዮኮሐማን ከፈተ። ዲፕሎማቶቹ ውሉ ይከበር እያሉ ሲሟገቱ ነጋዴዎቹ የወደቡን ጥልቀት አይተው ዕቃቸውን ተሸክመው ገቡ፤ ሙግቱም ከንቱ ቀረ። በውሉ መሠረት የውጭ ሰው ከወደቡ መራቅ የሚችለው 10 ሪ፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የዛሬው ጎብኚ ሩቡን ሳይሄድ ታክሲ ስለሚጠራ ሕጉን ልጣስ ቢል እንኳ አቅም የለውም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ እጁን ያወጣል፦ ዮኮሐማን በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት፤ ናጋሳኪን በ1945 አቶሚክ ቦምብ አነደዳት፤ ሌላዋ የወደብ ከተማ ኮቤም በ1995 ተንቀጠቀጠች፤ ታዲያ እግረኛው ምን ሊያይ ነው? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ነገር ግን የሚወድቀው ቤት ነው፤ መስመር በቀላሉ አይወድቅም። በዮኮሐማ የቻይና ሠፈር መንገዶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሳይገጥሙ አግድም የሚሄዱት የድሮውን የሩዝ ማሳ አቀማመጥ ስለያዙ ነው። በ1930 የተከፈተው የያማሺታ መናፈሻ የተደለደለው በመንቀጥቀጡ ፍርስራሽ ስለሆነ፣ በዚያ የሚንሸራሸር ሰው የወደቀችውን ከተማ እየረገጠ ነው። ኮቤም ከአደጋው በኋላ አቅጣጫ የምታሳየው እንደ ቀድሞው በተራራ ወገንና በባሕር ወገን ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ስለ ባቡሩ ያነሣል፤ እንዲህ ያለ ባቡር ባለበት አገር መራመድ ግትርነት አይደለም ወይ? ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1964 ነው። በዚያው ወር አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ዳግመኛ ወርቅ ወሰደ፤ ስለዚህ ለፍጥነት ክብር መንፈግ ለእኛም አያምርብንም። ባቡር ከከተማ ወደ ከተማ ያድርሰን፤ ከተማውን ግን ዘልሎ እንዲያልፍልን አንጠይቀው። ሦስተኛው ተቃዋሚ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ የናጋሳኪ ዳገት ጨካኝ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ከተማዋም ራሷ በአንዱ ዳገት ላይ ወደ ጎን እያዘመመ የሚወጣ አሳንሰር ተክላለች። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ በመጨረሻ አቃጁ የእግርን አቤቱታ ሰማ ማለት ነው።

እንግዲህ ካርታ ይያዝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይታመን፤ ካርታ የገዢ ወገን ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ሲገኝ አዋጁን ማድነቅ ይገባል። ድንገት ሲጣመም ግን ቆም ብሎ ማጣራት ነው፤ ምናልባት ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው በዚያ ሥፍራ ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ይሆናል።