የትኛው አቭራሃም?

አክስቴ የምትኖረው እስራኤል አገር፣ ፔታሕ ቲክቫ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ክፋር አቭራሃም በሚባል ሰፈር ነው። የአብርሃም መንደር ማለት ነው። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ አብርሃም ይባሉ ነበርና ሰፈሩ የተሰየመው ለእሳቸው እንደሆነ ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች። ሰፈሩን ሃይማኖተኛ ገበሬዎች እሷ አገሩን ከመርገጧ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድመው እንደቆረቆሩት ብነግራት «ታዲያ መምጣታችንን ያውቁ ነበራ!» አለችኝ።

እኔ የሄድኩት ከአዲስ አበባ ነው፤ ሻንጣዬ በርበሬና ሽሮ ሞልቶት፣ ልብሴን በላይ በላዩ ደርቤ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ከቤተሰቡ አባቴ ብቻውን ቀረ። ለቀብር ጎንደር ሄዶ ነበር። በእኛ ቤት ሰው የሚጠፋውም የሚገኘውም በለቅሶ ነው።

አሁን የማወራው ለቅሶ ምክንያት ግን ሞት ሳይሆን የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚያ አገር ልጅ በዚህ ዕድሜ «ሾራሺም»፣ ሥሮች፣ የሚሉት የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ትውልድ የሚይዝ ዛፍ ተሥሏል። አክስቴ ደግሞ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የሚጣራበት አገር ልጅ ናት፤ ቡና እየቆላች የዘር ሐረጉን በእናትም በአባትም ዘረገፈችው። ልጁ ዛፉ ሞልቶበት በጠርዙ ጻፈ፤ ጠርዙም ሲሞላ ወረቀቱን ገለበጠው። የተቸገርነው በልደት ቀን ብቻ ነው። በመታወቂያዋ መሠረት አክስቴ ከአባቷ የምታንሰው በ9 ዓመት ነው።

«አባቴ ቀልጣፋ ሰው ነበሩ» አለች።

ለቤት ሥራው የአያቴ መቃብር ፎቶ ያስፈልጋልና ሰጉላ ወደሚባለው መካነ መቃብር ሄድን። የቢሮው መስኮት ጋ ልጁ አፉን ሳይከፍት አክስቴ አንገቷን አስግጋ «መኮንን! መኮንን!» አለች። የአያቴ አባት ስም ነው፤ የእስራኤል መዝገብ የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎታል። ችግሩ በዕብራይስጥ «መኮኔን» ማለት ሙሾ አውራጅ ማለት መሆኑ ነው። በአማርኛ ሹም የነበሩት ቅድመ አያቴ ባሕር ሲሻገሩ አልቃሽ ሆነው ቀሩ።

«አልቃሽ ከእኛ ዘንድ የለም፤ ራሳችሁ አምጡ» አለ ሰውየው። ልጁ ሲተረጉምላት አክስቴ ተቀየመች። አርባ ዓመት ሙሾ ያወረደች ሴት ናት።

ሰውየው በመጨረሻ የሰጠንን፣ ጉሹ፣ ሔልቃው፣ ሹራው (የመቃብሩ ክፍል፣ ቁራሽና ረድፍ) የተጻፈበትን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ረድፍ የቆጠርኩትም እኔው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ መቃብሩም ከቀኝ እንደሚቆጠር ማን ነገረኝ? ልጁ የመጀመሪያዋን ቃል አየና «አቭራሃም! እሱ ነው!» ብሎ ስልኩን ቀሰረ።

አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጀመረች። ከአምቦበር እስከ ወለቃ በአያቴ ማረሻ ያላረሰ ገበሬ እንደሌለ ገጠመች። ማረሻውን ገዝቶ ዞር ሲል ቡዳ የሚላቸውንም አልማረችው። ድንጋይ የሚያስለቅስ ነበር፤ እኔ በሕይወት አይቻቸው የማላውቃቸውን አያቴን ብዬ ተንሰቀሰቅሁ።

«ሳቭታ» አለ ልጁ አያቱን በዕብራይስጥ ጠርቶ፣ አሁን ገና እስከ ታች አንብቦ፣ «ይሄ ሰውዬ ፖላንድ ነው የተወለደው።»

አክስቴ ደረቷ ላይ እጇን እንዳደረገች ቆመች። ድንጋዩን አየችው፤ ግራ ቀኙን አየች፤ ሰው የለም። «ይሁንለት» አለች። «ማረሻ አልሠራም ብሎ ማን ይሟገተዋል?»

እውነተኛውን አያቴን ከቀኝ ቆጥረን አገኘናቸው። ልጁ እንደ አገሩ ደንብ ጠጠር አኖረላቸው። አክስቴ ግን ዝም።

«ምነው እትዬ?»

«አለቀ።»

«ምኑ?»

«ግጥሙ ነዋ! ለሰው ያወረድኩትን ሙሾ ለአባቴ ልድገም? ነውር አይደለም?»

ይኼኔ ልጁ ስልኩን መቃብሩ ላይ አስቀምጦ የቀዳውን ከፈተው። አክስቴ መጀመሪያ ፊቷን አጠቆረች። የማረሻው ግጥም ጋ ሲደርስ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች።

«ይቺ ሴትዮስ ታውቅበታለች!» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደረቷን እየመታች ትቀበላት ጀመር።