«ዘ ጄኔራል»ን የጠራ ይቀጣል

ስለ ድምፅ አልባ ፊልሙ ኮሜዲያን ስለ በስተር ኪተን ስናወራ «ዘ ጄኔራል» የተባለውን ፊልሙን ያነሳ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ ለሚቀጥለው እሁድ ፈንዲሻና ለስላሳ የሚያመጣው እሱ ነው። ሕጉን ያወጡት ጋሼ ናቸው። ፊልሙን ጠልተውት አይደለም። በ1926 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ኦሪገን ውስጥ፣ ኮቴጅ ግሮቭ አጠገብ፣ ድልድይ አቃጥሎ እውነተኛ ባቡር ወንዝ ውስጥ የከተተን ሰው ማን ይጠላዋል? የጋሼ ቅሬታ ሌላ ነው። «እሱንማ ማን ያላየ አለ? እኔ ያላየሁትን ንገረኝ» ይላሉ።

የድሮ ፊልም አፍቃሪ በሽታው ይሄ ነው። ምርጡ ፊልም የሁሉም ስለሆነ ማንም «የኔ» ሊለው አይችልም። ተቺ የሰደበው፣ ተመልካች የረሳው፣ ተዋናዩ ራሱ ያፈረበት ፊልም ግን ባለቤት የለውም፤ ቀድሞ ያየው ይወስደዋል። ስለዚህ የእኛ ሊቅነት ቁልቁል ነው የሚቆጠረው። ጀማሪ «ሸርሎክ ጁኒየር» ይላል። ትንሽ የሰነበተ «ዘ ካሜራማን» ይላል። ሊቅ የሚባለው «ዋት! ኖ ቢር?»ን አይቶ ሳያበቃ ደግሞ ያየ ነው።

እኛ የምንላቸው እነማን እንደሆኑ ልናገር። ቤቱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የጋሼ አፓርታማ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ የሲኒማ ቤት ፖስተር ብቻ አይተው፣ ፊልሙን ሳይገቡ፣ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ለሰፈር ልጆች ይተርኩ እንደነበር እትዬ ይመሰክሩባቸዋል። እትዬ ባለቤታቸው ናቸው፤ ከሶፋው ጥግ ነጠላቸውን ተከናንበው ያንቀላፋሉ፣ ግን ምንም አያመልጣቸውም። ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለን፤ የሬገን ኤርፖርትን የመጨረሻ መንገደኛ አድርሶ ይመጣል፣ ሪሞቱንም የሚነዳው እሱ ነው። የጋሼ የእህት ልጅም አለች፤ እዚሁ የተወለደች፣ ክርክር ሲጦፍ ስልኳን ትራስ ሥር ደብቃ እውነቱን የምታጣራ። ጋሼ ስልክ ከልክለዋል። «ሰው እየተከራከረ መልሱን መፈለግ ነውር ነው» ባይ ናቸው።

ቴሌቪዥኑ ተርነር ክላሲክ ሙቪስ ላይ እንደተቸነከረ ነው። ቻናሉ በ1994 ከተከፈተ ጀምሮ የድሮ ፊልም ያለ ማስታወቂያ ያሳያል፤ እሁድ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ድምፅ አልባዎቹን። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያይ ለሚስቱ ማስረዳት ስለሚቸግረው፣ የታክሲው ወዳጃችን «ሥራ ላይ ነኝ» ነው የሚላት። እኛ የምናድናቸው ደካማ ፊልሞች ግን የእኩለ ሌሊት ክብር እንኳ አያገኙም። ብዙ ጊዜ የሚታዩት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ ነው። እንቀዳቸዋለን። ጋሼ ጡረተኛ ናቸውና ጠዋት ለብቻቸው ጠጥተዋቸው ይቆያሉ፤ ማታ ስንሰበሰብ «እኔም ገና ማየቴ ነው» ብለው ይቀመጡና ቀልዱ ሳይመጣ ቀድመው ይስቃሉ።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ቻርሊ ቻፕሊንን ነበር። ኪተንን እዚህ ነው የተዋወቅነው፣ መተዋወቁም ቀላል አልነበረም። ቻርሊ ዓይንህን እያየ ያስለቅስሃል፣ ያስቅሃል። ኪተን ግድግዳ ሙሉውን ሲወድቅበት፣ በመስኮቱ ክፍተት ልክ ቆሞ ሲተርፍ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አትንቀሳቀስም። እትዬ መጀመሪያ ያዩት ቀን አላስቻላቸውም።

«ይሄ ልጅ ምን ሐዘን ደርሶበት ነው?»

«ሐዘን አይደለም፤ ሙያው ነው» አሉ ጋሼ፣ የመምህርነት ድምፃቸውን አውጥተው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ከእናትና አባቱ ጋር መድረክ ላይ እንደወጣ፣ አባቱ እያነሳ ከወዲያ ወዲህ ይወረውረው እንደነበር፣ እሱ የሳቀ እንደሆነ ተመልካቹ እንደማይስቅ ያኔ እንደተማረ አብራሩ።

«አባቱ ይወረውረው ነበር?» አሉ እትዬ። «ታዲያ በምን ይሳቅ!»

ስለ ኪተን ፊት በእንግሊዝኛ ስንት መጽሐፍ ተጽፏል። እትዬ በአንድ አፍ ጨርሰውታል።

ወደ ደካሞቹ ልመለስ። ኪተን ደህና ፊልም በሚሠራበት ዘመን ስክሪፕት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። መነሻና መድረሻው ከታወቀ መሐሉን እየሠሩ ያገኙታል። ሐሳብ ሲጠፋ ካሜራው ይቆምና ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ቤዝቦል ይጫወታል፤ በጨዋታው መሐል አንዱ ጓንቱን ጥሎ «አገኘሁት!» ይላል። በ1928 ይሄን ትቶ ከኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ጋር ፈረመ። ቻፕሊንም፣ ሌላው ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድም «ተው» ብለውት ነበር፤ እሱም ኋላ በ1960 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የዕድሜዬ ትልቁ ስሕተት ብሎታል። ትልቁ ስቱዲዮ ስክሪፕት ሰጠው፣ አለቃ ሰጠው፣ የአለቃ አለቃ ሰጠው። ድምፅ መጣ። በብዙዎቹ ፊልሞች ኤልመር የሚባል ቂላቂል ያደርጉት ጀመር፤ ባቡር በብልሃት የነዳው ሰው በር መክፈት የሚያቅተው ሆነ። የሚያበሳጨው ደግሞ እነዚያ ፊልሞች ከ«ዘ ጄኔራል» የተሻለ ገንዘብ ማምጣታቸው ነው። (ጠራሁት፤ ፈንዲሻው በእኔ ነው።)

«ገንዘብ ካመጡ ምናቸው ነው መጥፎ?» ይላል የታክሲው ወዳጃችን። «ተሳፋሪ ከከፈለ መንገዱ ጥሩ ነበር ማለት ነው።»

«ተሳፋሪው የከፈለህ ስላደረስከው ነው» ይላሉ ጋሼ፤ «ስላዞርከው አይደለም።»

እኔ በዚህ ክርክር መሐል የማምንበት አንድ ነገር አለኝ። በእያንዳንዱ ደካማ ፊልም ውስጥ አለቃው ቡና ሊጠጣ የወጣ የሚመስልበት አንድ ሁለት ደቂቃ አለ። በዚያች ቀዳዳ ኪተን ሾልኮ የራሱን ሥራ ይሠራል። የእኛ አደን ያቺን ቀዳዳ ማግኘት ነው። «ዶውቦይስ» የተባለው የ1930 ፊልም ላይ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ የነበረው ኪተን ወታደር ሆኖ ይጫወታል። ወሬው ብዙ ነው፤ ከዚያ በድንገት ዘፋኙ ክሊፍ ኤድዋርድስ ዩኩሌሌውን ይይዛል፣ ኪተን ክሮቹን በቀጭን ዱላ እየመታ ያጅበዋል፣ ታሪኩ ቆሞ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ይደሰታሉ። በ1931 ደግሞ «ፓርለር፣ ቤድሩም ኤንድ ባዝ» የሚባል፣ በር የሚከፈት በር የሚዘጋ የመድረክ ቀልድ አለ። የዚህኛው ቀዳዳ ሐዲድ ላይ ናት። መኪናው ሐዲዱ ላይ ይቆማል፣ ባቡር ይመጣል፣ በጎን ባለው ሐዲድ አልፎ ይሄዳል፤ እፎይ ስንል ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላው መጥቶ ይደመስሰዋል። ይሄንኑ ቀልድ በ1920 «ዋን ዊክ» ላይ በመኪና ፈንታ በሙሉ ቤት ሠርቶታል። ጋሼ ይሄን ከእኔ ቀድመው በመናገራቸው እስከ ዛሬ ደስተኛ ናቸው።

ትልቁ መሰናክላችን ጂሚ ዱራንቲ ነው። ባለ ትልቅ አፍንጫው ኮሜዲያን በራሱ ቦታ ጥሩ ሰው ነው፤ ኤም ጂ ኤም ግን ዝም ከሚለው ከኪተን ጋር አጋባው፣ እሱ ደግሞ ዝም አይልም። ጋሼ መፍትሔ አግኝተዋል። ዱራንቲ ሲመጣ ድምፁን ያጠፉታል። የእህታቸው ልጅ «ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ አይገባንም» ስትል «ታሪክ የለውም፤ አትስጊ» ይሏታል። እውነት ለመናገር ድምፁ ሲጠፋ ፊልሞቹ ይሻሻላሉ።

በ1932 የወጣው «ስፒክ ኢዚሊ» ግን ከድምፁም ጋር ይታያል። ኪተን ከመጽሐፍ ቀና ብሎ የማያውቅ ፕሮፌሰር ነው። ዓለምን እንዲያይ ብሎ አሽከሩ «750,000 ዶላር ወርሰሃል» የሚል የሐሰት ደብዳቤ ያደርሰዋል፤ ፕሮፌሰሩ አምኖ ይወጣና ከአንድ የድሃ ቴአትር ቡድን ጋር ይጣበቃል። ቴልማ ቶድ የምትጫወተው ቆንጆ በመጠጥ ልታጠምደው አስባ ቤቷ ትጋብዘዋለች። የሚሰክሩት ሁለቱም ናቸው። እሱ ሊያነሳት ይሞክራል፣ እሷ ትንሸራተታለች፣ ሊያስቀምጣት ሲል እሱ ይወድቃል፣ ሰውነታቸው ውስጥ አጥንት የሚባል ነገር የቀረ አይመስልም። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ነበር የሳቁት። እኛ «ድገመው» ስንል የታክሲው ወዳጃችን ደጋግሞ መለሰልን።

በሳምንቱ የ«ዋት! ኖ ቢር?» ተራ ደረሰ። በየካቲት 1933 የወጣ ነው፤ የመጠጥ ክልከላው ሊነሳ ነው ተብሎ ሁለት ሞኞች የተዘጋ ቢራ ፋብሪካ ይገዛሉ። ጋሼና የታክሲው ወዳጃችን ከቁልቁለቱ ስለሚንከባለሉት በርሜሎች እየተጨቃጨቁ ነው፤ አንዱ በ1925 «ሰቨን ቻንሰስ» ላይ ከሚያሳድዱት ቋጥኞች የተቀዳ ነው ይላል፣ ሌላው ቋጥኝና በርሜል ምን አገናኘው ይላል። ፊልሙን የሚያየው የለም። እትዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ልጅ ጠጥቷል» አሉ።

«ፊልም እኮ ነው» አሉ ጋሼ።

«ያለፈው ፊልም ነበር። ያኔ ሲጫወት ነው ያሳቀኝ። አሁን ዓይኑን እየው፣ ቃሉን ማውጣት አቅቶታል፤ ጉንጩም ገብቷል።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ወቅት ሚስቱ ፈትታው፣ ልጆቹን አጥቶ፣ ጠዋት ማታ ይጠጣ ነበር፤ ስቱዲዮውም ከዚያ ፊልም በኋላ አባረረው። ጋሼ ይሄን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ከመጽሐፍ። እትዬ ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ «እንዲህ ሆኖ ሳለ ሥራ የሚልከው ማነው? ቤት የሚያስቀምጠው ዘመድ የለውም?» የበርሜሉ ክርክር በዚያው ቀረ። የታክሲው ወዳጃችን ፊልሙን አቆመው፤ ማንም «ጨርሰው» አላለውም።

እትዬን ለማጽናናት ያልሞከርነው የለም። በ1940 ኤሊኖር የምትባል ዳንሰኛ እንዳገባ ነገርናቸው፤ በ23 ዓመት እንደምታንሰው ሲሰሙ ትንሽ አሰቡ፣ አብራው እስከ መጨረሻው እንደኖረች ሲሰሙ «ጎሽ» አሉ። ቴሌቪዥን ያነሳው ሰው እንደሆነም ነገርናቸው። በ1949 ሎስ አንጀለስ የራሱ ፕሮግራም ነበረው፤ በ1961 «ዘ ትዋይላይት ዞን» ላይ ከ1890 ወደ አሁኑ ዘመን የሚወረወር የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተጫውቷል፤ ያለፈው ዘመን የሚታይበት ክፍል በድምፅ አልባ ፊልም ወግ የተሠራ ነው። የሲኒማው ሰዎች የጣሉትን ሰው የሳሎን ሣጥን አነሳው። እኛም ዛሬ የተጣሉ ፊልሞቹን የምናገኘው በዚያው ሣጥን መሆኑ ለጋሼ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲናገሩት ግን ረዘም ስለሚያደርጉት እዚህ አሳጥሬዋለሁ።

የመሳቁ ጉዳይ ሌላ ጦርነት ነው። የእህታቸው ልጅ አንድ ቀን ከትራሱ ሥር ቀና ብላ «በስተር ኪተን እኮ ሥቆ ያውቃል» አለች። በ1934 ፓሪስ የተሠራ «ለ ሯ ዴ ሻን ኤሊዜ» የሚባል ፊልም አለ፤ ኪተን አንድም ያልተሳካለት ተዋናይ፣ አንድም ወሮበላ ሆኖ ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ፈረንሳይኛውን ሌላ ሰው ይናገርለታል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስትስመው ፈገግ ይላል። ጋሼ አላመኑም። አሳየቻቸው። «ይሄ መንታው ነው» አሉ። «ጋሼ፣ መንታውም እሱ ነው» አለች። እኔ ነዳጅ ልጨምር ብዬ፣ ገና በ1917 ከፋቲ አርባክል ጋር በሠራቸው አጫጭር ፊልሞች ላይ አፉን ከፍቶ ሲስቅ እንደሚታይ ተናገርኩ። ጋሼ ለሁለት ሳምንት አኮረፉኝ።

ያስታረቀን «ዘ ሬይልሮደር» ነው። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ በ1965 ያወጣው፣ ባለ ቀለም፣ ቃል የማይነገርበት፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ። ሽማግሌው ኪተን ለንደን ላይ «ካናዳን እዩ» የሚል ማስታወቂያ አንብቦ ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ይዘላል፤ ከአትላንቲክ ማዶ ይወጣል፤ ሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ የጥገና መኪና ላይ ተቀምጦ አገሪቱን ከባሕር እስከ ባሕር ያቋርጣታል። ሻይ ያፈላል፣ ልብስ ያጥባል፣ ይተኛል፤ መኪናዋ አትቆምም። ከሁሉ የምትበልጠው ትዕይንት ረጅሙ ድልድይ ላይ ያለችው ናት። የዘረጋው ትልቅ ካርታ በነፋስ ተጠቅልሎ ይውጠዋል፤ ከካርታው ጋር እየታገለ ገደሉን ያልፋል። ዳይሬክተሩ አደገኛ ነው ብሎ ሊያስቀረው ነበር፤ ወደ 70 የተጠጋው ሰውዬ ተቆጥቶ በራሱ መንገድ አሠራው። ጋሼ ይሄን ፊልም የሚወዱበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ናቸዋ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የየአውራጃውን ስም፣ የእህሉን ዓይነትና የተራራውን ከፍታ ይነግሩናል፤ ፊልሙ ድምፅ አልባ መሆኑ ያመቻቸው ለእሳቸው ነው።

አሁን የቀረው «ቢች ብላንኬት ቢንጎ» ነው። በዚያው በ1965፣ የወጣቶች የባሕር ዳርቻ ፊልም ላይ ኪተን ባርኔጣውን ደፍቶ በዋና ልብስ ልጃገረዶች መሐል ይመላለሳል። ከዚህ በታች የሚወረድበት ቦታ የለም፤ ያየው ሰው ዘውዱን ይጭናል። የታክሲው ወዳጃችን ቀድቶት መጣ። እትዬ ግን ሽፋኑን ከልጅቱ ስልክ ላይ አይተውት ኖሯል።

«በዐቢይ ጾም? ራቁቷን የቆመች ልጅ?»

«እኔ የማየው ሽማግሌውን ብቻ ነው» አሉ ጋሼ።

«አንተ ሽማግሌውን ታያለህ፤ ሽማግሌውስ ምን ያያል?»

መልስ አልተገኘም። እስከ ፋሲካ ሪሞቱ ከእትዬ ቦርሳ አይወጣም።