አዲስ ኳስ የመግዛት መከራ

ማክሰኞ ማታ የቦውሊንግ ሊግ የምንጫወት ሰዎች፣ ያ ጊዜ ደግሞ ደረሰብን። አሮጌው ኳስ ደከመ። ባለፈው ዓመት የወለሉ መጨረሻ ላይ እጥፍ ብሎ በአንደኛውና በሦስተኛው ፒን መካከል ይገባ የነበረው፣ ዘንድሮ ቀጥ ብሎ ያልፋል። በጨርቅ ጠረግነው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው፤ ለሁለት ሳምንት ነቃ አለና መልሶ ተኛ። ምክንያቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተለመደው ኳስ ላዩ ሬዚን ነው። ሬዚን ወለሉን የሚይዘው እላዩ የተቀባውን ዘይት እየመጠጠ ነው፤ የጠጣው ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ ይገድለዋል። በሳምንት ሦስት ጨዋታ ብቻ የምንጫወተው እንኳ ከዚህ አናመልጥም።

ስለዚህ ሱቅ እንሄዳለን። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሱቁም እዚያው መጫወቻው ውስጥ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ኳስ ነው። ፐርል ነው፣ ሶሊድ ነው ወይስ ሃይብሪድ? ውስጡ ያለው ኮር ሲሜትሪክ ነው ወይስ አሲሜትሪክ? ላዩ የተፈገፈገው በ500 ቁጥር ማለስለሻ ነው ወይስ በ3000? ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ ከትራፊክ ጋር ታግሎ፣ ልጆቹን ራት አብልቶ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ይማረው? ልማር ቢልስ፣ ሳይጨርስ ይለወጥበታል። አዲስ ኳስ በላይ በላዩ ይወጣል። «ያንኑ የድሮውን ስጡኝ» ስንል መመረት ካቆመ ቆይቷል። የስሙ ብዛትም የምርጫ ብዛት አይደለም። ኳስ አምራቹ ብራንስዊክ እ.ኤ.አ. በ2019 ኤቦናይትን ሲገዛ ሐመር፣ ትራክና ኮሎምቢያ 300 የተባሉት ስሞች አብረው ገቡ፤ ሮቶ ግሪፕና 900 ግሎባል ደግሞ የሌላው አምራች የስቶርም ናቸው። አሥር ስም እያነበብን የምናማርጠው ከጥቂት ባለቤቶች ዕቃ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ሳይጠየቅ የሚቀረው ጥያቄ ነው። በምን ፍጥነት ትወረውራለህ? ጣትህ ኳሱን ምን ያህል ያሽከረክረዋል? የምትጫወተው የት ነው? የእኛ የሊግ ወለል እኮ የታወቀ ነው። ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ፣ ወደ 18 ሜትር ነው። ዘይቱ እስከ 40 ጫማ አካባቢ ይቀባል፤ መሃሉ ላይ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ላይ ስስ ነው። ጥቂት የሳተ ኳስ እንዲመለስ ታስቦ የተቀባ ነው። በዚህ ወለል ላይ ለከባድ ዘይት የተሠራ ውድ ኳስ ሲወረወር ቀድሞ ይታጠፍና መሃሉን አቋርጦ ወደ ማዶ ያልፋል። እኛ የነጥብ አማካያችን 140 እና 150 የሆነ ሰዎች መካከለኛ የሆነ አንድ ሬዚን ኳስና ለማዕዘኗ ፒን ቀጥ ብሎ የሚሄድ አንድ ርካሽ የፕላስቲክ ኳስ ይበቁናል። ነጥባችንን የሚበላው የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ውርወራ መሳታችን ነው። ይህን ደፍሮ የነገረኝ ሻጭ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ቀዳዳውስ? ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም። የቦውሊንግ ኳስ ዋናው ነገር ቀዳዳው ነው፤ በእጅ ልክ የተበሳ 15 ፓውንድ ኳስ፣ ከመደርደሪያ ከሚነሣ የማንም እጅ ልክ ካልሆነ 13 ፓውንድ ይልቅ ለክንድ ይቀላል። ባለፈው የገዛሁትን ያስበሳሁት በጥር ብርድ ነበር፤ ከመኪና ማቆሚያው እጄ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ገባሁ፣ ወዲያው ተለካ፣ ተበሳ። ማክሰኞ ማታ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አውራ ጣቴ ሞቀና አበጠ። ቀዳዳው ነክሶ ያዘው። ቆዳዬ ተላጠ፤ ቡድኔ በእኔ ምክንያት ተሸነፈ። ከሥራ ባልደረቦቼ ፊት እጄን በፎጣ ጠቅልዬ መቀመጤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ልመልሰው ብል፣ የተበሳ ኳስ አይመለስም። ደፍኖ እንደገና መብሳት ደግሞ ሌላ ክፍያ አለው። እንደ እኔ ከ200 ዶላር በላይ አውጥታችሁ፣ ኳሱ ጓዳ ውስጥ አቧራ የሚጠጣባችሁ ስንት ናችሁ?

ያገለገለ ልግዛ ያለም አያርፍም። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሊጋችን የሚመራበት የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ሕግ ጣት የማይገባበትን የሚዛን ቀዳዳ ከልክሏል። ያ ቀዳዳ ያለውን አሮጌ ኳስ የገዛ ሰው፣ ሳያስደፍን ሊጉ ውስጥ ሊወረውረው አይችልም።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ በተለይም ባልቲሞር፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የሌለበት ዳክፒን የሚባል የቆየ ጨዋታ አለ። ኳሱ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ሰው ያነሣል፣ ይወረውራል፣ በቃ። ባየሁት ቁጥር እቀናለሁ። ግን እኔ የምወደው ትልቁን ኳስ ነው፤ ፒኖቹን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ የሳምንቱን ድካም ያወጣልኛል። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

ባለሱቆች፣ እባካችሁ፣ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት አምስት ጊዜ ስንወረውር ቆማችሁ እዩን። አውራ ጣታችንንም እጃችን ከሞቀ በኋላ ለኩልን።