ውሃው ምን አለ?

የካቲት 2008 ዓ.ም. ነው። ወንጂ አካባቢ፣ ከሸንኮራ አገዳው ማሳ ዳር ባለች መንደር፣ ከጉድጓድ ውሃ ናሙና ስወስድ አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው ነበር። የያዝኩት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ የምለካው ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለማይስማማ በብልቃጥ አይቀመጥም። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሁለት ሦስቴ አለቅልቄ ሞላሁት፤ ቀኑንና የጉድጓዱን ቁጥር ጻፍኩበት። እማማ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ሲመረመር ውሃው ምን እንዳለ መጥተህ ትነግረኛለህ?» አሉኝ። የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቀሚሳቸውን ይዞ ቆሟል። «እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አልኩ። ይህን ቃል ለመፈጸም ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ወንጂን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሠራተኛ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ኖሯል። ከዓመታት በኋላ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸው፣ ወገባቸው የደረቀ ሰዎች ሐኪም ዘንድ መጡ። ሕመማቸው ፍሎራይድ ሲበዛ የሚመጣው የአጥንት ፍሎሮሲስ ነበር። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ሲያዘግም ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። ካልሲየም በብዛት ቢኖርበት ኖሮ ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የዚያ አገር የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ፣ ሶዲየሙ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ እጅግ ሲያልፍና ዓመታት ሲደራረቡ አጥንት ይያዛል። ጥርስ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። አንዴ በልዞ ከበቀለ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

የእማማ ጉድጓድ ከወሰኑ በብዙ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቅኩት ናሙናውን በወሰድኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ተሳፍሬ ሄጄ መናገር እችል ነበር። ነገር ግን የምሠራበት ክፍል አንድ ታላቅ ባልደረባ «ያልታተመ ውጤት ከእጅህ አይውጣ፤ መጽሔቶቹ አይቀበሉህም» ብሎኝ ነበርና አመንኩት። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። ለናሙና ሰጪ የራሱን ውጤት መንገር እንደ ኅትመት አይቆጠርም፤ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት። በ250 ቃላት የታጠረ አኅጽሮተ ጽሑፍ። እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ የሚገልጽ አንቀጽ፣ የጥቅም ግጭት መግለጫ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ቁጥር። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ስጭን አንድ ሌሊት አለፈ። የላክሁት በውጭ አገር ለሚታተም የአካባቢ ጤና መጽሔት ነበር። በስድስተኛው ቀን ገምጋሚ ሳያየው ተመለሰ። መሸኛ ደብዳቤዬን ደግሜ ሳነበው ምክንያቱ ገባኝ፤ ስንት ጉድጓድ እንደለካሁ እንጂ ልኬቱ ለማን ጤና ምን እንደሚለውጥ አንድም ቦታ አልጻፍኩም። የዚህ ዓይነት መጽሔት የሚፈልገው በውሃውና በሰውነት መካከል ያለውን መንገድ ነው። የውሃ ኬሚስትሪ ብቻ ከሆነ ሌላ ቤት አለው።

በዚያው ሰሞን በኢሜይል አንድ ግብዣ መጣልኝ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይላል፤ ፕሮፌሰር አይደለሁም። በአምስት ቀን ገምግመው እንደሚያትሙ ቃል ይገባሉ፤ ክፍያው መጨረሻ ላይ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዴት እንደሚያጓጓው አውቃለሁ። ሊያድነኝ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአዘጋጆች ዝርዝራቸው ውስጥ የማውቃቸው አንድ መምህር ነበሩና ደወልኩላቸው። ስማቸው እዚያ መኖሩን አያውቁም። እባካችሁ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ከአዘጋጆቹ አንዱን ጠይቁ። እዚያ አንዴ የታተመ ጽሑፍ ወደ ሌላ መጽሔት አይሄድም፤ ሥራችሁ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ሁለተኛው መጽሔት ለገምጋሚዎች ሰጠው። አራት ወር ጠበቅሁ። የመጀመሪያዋ ገምጋሚ ስለ መለኪያው ጠየቀች፦ ናሙናው ላይ ማመጣጠኛው ፈሳሽ ተጨምሯል ወይ? ተጨምሯል፤ አልሙኒየም የያዘው ፍሎራይድ ተፈትቶ በመለኪያው ኤሌክትሮድ እንዲነበብ ያ ፈሳሽ ግድ ነው። እኔ ግን በጽሑፉ ውስጥ ሳላነሳው ቀርቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነበር።

የሁለተኛው ገምጋሚ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። «ናሙናው የተወሰደው በፌብሩዋሪ 2015 ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱ የተሰጠው በጃንዋሪ 2016 ነው። ደራሲዎቹ ያለ ፈቃድ ሠርተዋል?» ይላል። አዘጋጁ የ30 ቀን ጊዜ ሰጠኝ።

መዝገቤን አገላበጥኩት። መስክ ላይ የጻፍኩት የካቲት 2008 ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስመልሰው ሰባት ደመርኩ። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪቀይሩ፣ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይደመራል። የፈቃዱን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የጻፈው ጽሕፈት ቤት በትክክል ቀይሮታል፤ ጥር 2008 ጃንዋሪ 2016 ሆኗል። በአንዲት የመደመር ስህተት ከፈቃዱ አንድ ወር በኋላ የተወሰደ ናሙና ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ቀድሞ የተወሰደ መሰለ። በሕዝብ ጤና ምርምር ከዚህ የከበደ ክስ ብዙ የለም። ፈቃዱን የሰጠውን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ቅጂ ለማግኘት ከመዝገብ ቤት ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ መዝገብ ቤት ተመላለስኩ። ሃያ ስድስተኛው ቀን ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጄ ገባ። የመስክ መዝገቡን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ከነትርጉሙ ላክሁ። አዘጋጁ ተቀበለኝ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

ጽሑፉ ጸደቀ ሲባል ደግሞ ከወር ደመወዜ ብዙ እጥፍ የሆነ የማሳተሚያ ሂሳብ መጣ። እንደ እኛ ላሉ አገሮች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን በጽሑፉ ጉዳይ ከመጽሔቱ ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ የሚሠራበትን አገር ያያሉ፤ ጥያቄውም በአብዛኛው ጽሑፉ ሲገባ እንጂ ከጸደቀ በኋላ አይቀርብም። እኔ ከአክብሮት የተነሳ ያንን ቦታ አውሮፓ ላሉት የቀድሞ መምህሬ ሰጥቼ ነበር። እሳቸው በየቀኑ እየጻፉ ለምነው ነው ያስቀሩልኝ። ይህም ሌላ ሦስት ወር ወሰደ።

ታትሞ ሲወጣ ወንጂ ሄድኩ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው አምስት ዓመት አልፎታል። ውጤቱን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አንተ ስትቀር ውሃው ክፉ ነው ማለት ነው ብዬ ለልጁ እያፈላሁ ነው የምሰጠው፤ ረዘም አድርጌ ነው የማፈላው» አሉኝ።

ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል። ፍሎራይድን ግን አይነካውም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ውስጥ ይበልጥ ይጠነክራል። ይህን በሦስተኛው ሳምንት ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ለልጁ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን የቦኖ ውሃ እንዲያጠጡት ነገርኳቸው። «ሩቅ ነው፤ ግን እቀዳለሁ» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይገባኝ ነበር።

በስምጥ ሸለቆ ውሃ ላይ የምትሠሩ ወጣቶች፣ የመስክ መዝገባችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ። ልኬታችሁን አጣርታችሁ እንደጨረሳችሁም፣ መጽሔቱን ሳትጠብቁ፣ የጉድጓዱን ቁጥርና ውጤቱን ይዛችሁ ውሃውን ወደሚጠጡት ሰዎች ሂዱ።