በ422 ሰው ዓባይን መሻገር

ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን የምትንደፋደፍ ወንድሜ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል ቀን የምትቆጥሪ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ ዘመን አበቃችሁ። አባቶቻችን ሊቅ ለመባል ጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ዲማ ጊዮርጊስና ጎንጅ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ ከመንደር ውሻ ጋር ተጋፍጠው ዓመታት ፈጁ። ቅኔ ቤት ደግሞ ክፉ ሕግ አለው፤ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ተማሪው ሁልጊዜ አዲስ ማምጣት አለበት፤ የሰው ከደገመ መሳቂያ ነው። እናንተ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ናችሁ። ዕድሜ ለስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ለኤስፒኤስኤስ፣ አዲስ ነገር ማምጣት ቀርቶ ማሰብም ግዴታ አይደለም።

መጀመሪያ ርእስ። ርእስ መምረጥ ማለት ከተማ መምረጥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ “የእንትን መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች በሞጣ ከተማ፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ።” በእንትን ቦታ ደም ማነስን ብታስገቡ፣ የጫት ሱስን ብታስገቡ፣ የመሰደድ ፍላጎትን ብታስገቡ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። በዓመቱ ሞጣን ፍቁና ቢቸና ብላችሁ ጻፉ። “በአካባቢው ከዚህ በፊት ጥናት አልተካሄደም” ማለትን እንዳትረሱ። ሐሰት አይደለም፤ ቢቸና ሞጣ አይደለችምና። ቢቸና ሲያልቅ ደብረ ወርቅ አለ፣ መርጡለ ማርያም አለ፣ ደጀን አለ። አገሪቱ ወረዳ እስካላት ድረስ ምሁር ጦሙን አያድርም።

ቀጥሎ ናሙና። እዚህ ላይ ራስ ማዞር አያስፈልግም፤ ቀመሩ ያስብላችኋል። የነገሩ ስርጭት ካልታወቀ 50 በመቶ ነው ይባልና 1.96 በራሱ ይባዛል፣ በ0.25 ይባዛል፣ ለ0.0025 ይካፈላል፤ 384 ይወጣል። እምቢ የሚል አይጠፋም ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 422፣ ወደ ላይ ለሚያጠጋጋ 423። ጉዳዩ የጥርስ ሕመም ይሁን የትዳር ጠብ፣ ቁጥሩ ያው ነው። በኢትዮጵያ እውነት ከ422 ሰው በላይ ተጠይቃ አታውቅም፤ ከዚያ በታችም አትወርድም።

አሁን መረጃ ሰብሳቢውን በገበያ ቀን ላኩት። ጤፋቸውን ሸጠው ወደ ቤት የሚጣደፉ አንዲት እናት ያስቆማል።

“እናቴ፣ ስደት ለቤተሰብ ይጠቅማል በሚለው ሐሳብ በጣም ይስማማሉ፣ ይስማማሉ፣ ገለልተኛ ነዎት፣ አይስማሙም፣ በጣም አይስማሙም?”

“ምነው ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው የምስማማው?”

“ገለልተኛ” ተብሎ ይሞላል። እናት ቀጥለው ልጃቸው ጅዳ ከገባ ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ ድምፁን ከሰሙ ግን ስምንት ወር እንደሆናቸው ይናገራሉ። ለዚህ ሣጥን አልተዘጋጀም። “አመሰግናለሁ፣ ለሳይንስ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርገዋል” ይላቸውና ወደ 217ኛው ሰው ያልፋል።

አንድ የትምህርት ዘርፍ ላይ ተጣብቆ መኖርም የድሮ ሰው ልማድ ነው። ዘመናዊ ምሁር ሁለገብ ነው። ለማስረጃ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ እንውረድ። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ተሠርቶ ጎጃምን ከጎንደር ሲያገናኝ የኖረው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈርሶ “ሰባራ ድልድይ” ተባለ። ከዚያ ወዲያ ለስድሳ ዓመት ያህል መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በሚጎትቱ ጎበዞች ክንድ ላይ ነፍሱን ጥሎ ይሻገር ነበር። ላልተማረ ሰው ይህ መከራ ነው። ለተማረ ሰው ሦስት ጽሑፍ ነው።

አንደኛው በስፖርት ሕክምና፤ “የትከሻ ጉዳት መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች በገመድ ጎታቾች ዘንድ።” የሰውን አካል በሚመረምር ዘርፍ ብቻ ትንሽ መጠንቀቅ ያሻል፤ ሥራውን ያበላሹብን ሰዎች አሉና። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ጎንደር፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞችን ደም መረመሩ። ሂሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አገኙ። ይህ የአንዲስ ተራራ ሰዎችም የቲቤቶችም ያልሆነ ሦስተኛ የመላመድ መንገድ ነው። ዓለም ጉድ አለ። የመረመሯቸው ግን 236 ሰዎች ብቻ ነበሩ! እኛ ዘንድ ቢሆን ናሙናው አልሞላም ተብሎ ከበር ይመለስ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ከግላስጎው የመጡ አጥኚዎች 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ጠይቀው፣ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን በርካቶቹ የአርሲና የሸዋ ልጆች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር ጻፉ። ለእኛ ምን ቀረ? እነሱን መጥቀስ።

ሁለተኛው በጋዜጠኝነት፤ ወንዝ የተሻገረ ባሕርም ይሻገራልና፣ “የስደት አቀራረብ በተመረጡ ጋዜጦች።” ሮበርት ኤንትማን እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ፍሬሚንግ፣ ማለትም ዜና አንድን ጉዳይ አጉልቶ ስለሚያቀርብበት መንገድ፣ የጻፉትን በመግቢያው ላይ ካስቀመጣችሁ ግማሹ አለቀ። የሚቀረው መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር የወጡትን ዜናዎች ሰብስቡ። “ጎርፍ” ስንት ጊዜ፣ “ሕገወጥ” ስንት ጊዜ፣ “ደላላ” ስንት ጊዜ እንደተጻፈ በሠንጠረዥ አስፍሩ። በመጨረሻም ጋዜጦቹ ስለ ስደተኛው አወሩ እንጂ ስደተኛውን አላናገሩም ብላችሁ ክፉኛ ውቀሷቸው። እናንተስ ስንት ስደተኛ አናገራችሁ የሚል ገምጋሚ ከመጣ፣ “ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው” የሚለው መልስ ያወጣችኋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የፊተኞቹን ሁለት ማን እንደጠቀሳቸው መቁጠር። ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 የጥቅስ ማውጫቸውን ሲያሳትሙ አንድ ሐሳብ ከማን ተነሥቶ ወደ ማን እንደሄደ ማግኘት ቀላል ይሁን ብለው ነበር። የዋህ ሰው! እ.ኤ.አ. በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች ኢንዴክስን አመጡልን፤ ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው 20 ይባላል። እኛም ወዲያው ገባን። ሞጣ ያጠናው ቢቸና ያጠናውን ይጠቅሳል፣ ቢቸና ያጠናው ደጀን ያጠናውን፣ ደጀን ያጠናው ሞጣ ያጠናውን። ውጤታቸው ተመሳሳይ ከሆነ “ይህ ከቀደመው ጥናት ጋር ይስማማል”፤ ከተለያየ “ልዩነቱ ከናሙና መጠንና ከማኅበራዊ ሁኔታ የመጣ ሊሆን ይችላል” ይባላል። ሀገርኛ ስሙ እከክልኝ ልከክልህ ነው፤ በፈረንጅ ሚዛን ሲመዘን ግን ተጽዕኖ ፈጣሪነት ይሆናል።

ቁጥሩ ካነሰባችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እንደ ዶሮ 12 ብልት አውጡለት፤ ለእያንዳንዱ ብልት አንድ መጽሔት። በየብልቱ ላይ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ስም ጨምሩ፤ ጽሑፉን አላነበቡም ብላችሁ አታመንቱ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ጃክ ሄዘሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ትልቅ መጽሔት ላይ ድመታቸውን የጽሑፍ አጋር አድርገው አሳትመዋል። ድመቱ ግን የደረጃ ዕድገት አልጠየቀም።

የሚያትም አናጣም ወይ ብላችሁ አትስጉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የሞላውን የካንሰር መድኃኒት ጥናት፣ በሌለ ሰው ስም፣ አስመራ ውስጥ ባልነበረ የሕክምና ተቋም አድራሻ ለ304 መጽሔቶች ላከው። 157ቱ ተቀበሉት። ለሌለ ሰው እጃቸውን ከዘረጉ፣ ላለውና በዶላር ለሚከፍለው ምን ይሳናቸዋል?

እስቲ አሁን ሽሙጡን ላቁም። ሰባራ ድልድይ የተጠገነው በጥቅስ ብዛት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ በገመድ የሚሻገሩትን ሰዎች ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። በማግስቱ ዓመት ሰው አስተባብሮ፣ የአካባቢው ሕዝብም ተሸክሞና ደክሞ፣ መሐሉ በብረት ተቀጠለ። ሂርሽ ቁጥራቸውን ለዓለም ባስተዋወቁበት እ.ኤ.አ. በ2005 ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አንድ ፎቶ አንሺ አየ፣ አንድ አንባቢ ጠየቀ፣ አንድ ሕዝብ ሠራ። የፎቶው ኤች ኢንዴክስ ዜሮ ነው።

ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ አይደለም። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት ሰው፣ ዕድገቱ በጽሑፍ ቁጥር ነው ከተባለ ቁጥር ያመርታል። ሞጣና ቢቸና ላይ የሚሠራ ጥናትም መናቅ የለበትም፤ የደም ማነስን በልኩ የቆጠረ ሰው የእናቶችን ሕይወት ያተርፋል። የሚያሳፍረው የተቆጠረው ሰው ውጤቱን ሳይሰማ ቀርቶ ቆጣሪው መሾሙ ነው። ገና እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰባሰቡ ምሁራን ተመራማሪ በመጽሔቱ ስምና ቁጥር ሳይሆን በሥራው ይመዘን ብለው መግለጫ አውጥተዋል። የእኛ የዕድገት ኮሚቴዎች ግን ዛሬም ጽሑፍ ከማንበብ ጽሑፍ መቁጠር ይቀላቸዋል።

ስለዚህ ለኮሚቴ አባላት አንድ መስፈርት ላቅርብ፤ ወጪ የለውም፣ ኮምፒውተርም አይጠይቅም። ለዕድገት የሚቀርብ ጥናት ሁሉ ከተጠናበት ቀበሌ “ውጤቱ ተነግሮናል፣ ገብቶናል” የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያያዝበት። ይህን ማምጣት ያልቻለ ሰው ጽሑፉን ከዝርዝሩ ያውጣ። ማምጣት የቻለውን ደግሞ አንድም ሰው ባይጠቅሰው ሹሙት።