የነጋድራስ ዳማ ሹመት

እንስሳት የየራሳቸውን ንግድ በሚነግዱበት ዘመን፣ ከቋሪት ደጋ፣ ከገበዘ ማርያም የሚነሳ አንድ የአህዮች ሲራራ ነበር። ሲወርዱ ገብስና ድንች ይጭናሉ፤ ሲመለሱ የቡሬን በርበሬ። ደጋው በርበሬ አያበቅል፣ ቆላው ገብስ አይሆንለት፤ ሁለቱን ሲያገናኝ የኖረው የአህያ ጀርባ ነው።

ይህን ሲራራ ለብዙ ዘመን የመራው አባ ግራጫ የሚባል ሽማግሌ ፈረስ ነበር። ንግግር አያውቅም፤ ሒሳቡንም የምትይዝለት ጸሐፊዋ እመት ጦጢት ነች። አንድ ልማድ ግን ነበረው። ዶሮ ሲጮኽ ይነሳና ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ የእያንዳንዱን አህያ ድልድል በአፍንጫው ገፋ ገፋ ያደርጋል። የተሸበሸበ ካገኘ ጫኞቹን ዝንጀሮዎች ጠርቶ፣ “ይህን ፍቱትና እንደገና ጫኑት” ይላቸዋል። መጫኛው ከጠበቀ ያላላሉ፣ ከላላ ያጠብቃሉ። ሌላ ሥራ ሲሠራ ያየው የለም። አንዳንዶቹ አህዮች እንዲያውም ሰነፍ ነው ብለው ያሙት ነበር።

ጉልበቱ ሲከዳውና እርሻ ዳር ሲቀመጥ፣ ሁሉም ከትልቁ ኮሶ ሥር ተሰብስቦ ምትክ መረጠ። ምርጫው አላስቸገረም። ዳማ በቅሎ የሁለት አህያ ጭነት ብቻውን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ ክረምት ከበጋ አንድም ገበያ ቀርቶ አያውቅም። ከእሱ የተሻለ ሠራተኛ አልነበረም፤ ስለዚህ አለቃ አደረጉት። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ጎበዙ የሒሳብ ሠራተኛ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ይሆንና ቢሮው ጎበዝ ሠራተኛ አጥቶ ግራ የገባው አለቃ ያተርፋል። ከአህዮቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው እማማ ቡሊት ብቻ፣ “ከመሾሙ በፊት አንድ ጊዜ ከኋላ ይሂድ እንጂ” አለች። አሮጊት ናት ብለው አለፏት።

ነጋድራስ ዳማ አንገቱ ላይ ቃጭል፣ ግንባሩ ላይ ቀይ መርገፍ አንጠልጥሎ ከፊት ወጣ። የመጀመሪያ ትእዛዙ የማለዳውን የድልድል ምርመራ ማስቀረት ነበር። “ጀርባ መደባበስ የሥራ ሰዓት ይበላል” አለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ተሳክቶለታል። ሲራራው ከድሮው ቀድሞ ገበያ መግባት ጀመረ፤ እመት ጦጢትም የገባውን ዳውላ እየቆጠረች አሞገሰችው።

ድሮ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም አንድ የገበያ ፈረስ አገኘውና፣ “አንተ ባለ ቃጭል፣ አባትህ ማን ነው?” አለው። ዳማ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ “እናቴ ፈረስ ናት” አለ። ከኋላው የተሰለፉት ሃያ አህዮች ሰሙት። የሁሉም ጆሮ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተኛ፣ ተመልሶ ቆመ። ማንም ምንም አላለም፤ ዳማም ዝምታቸውን አክብሮት መሰለው።

ነገር የጀመረው ከአንድ ቀዳዳ ነው። ሸጋው የሚባለው ወጣት አህያ ድልድሉ መሃሉ ላይ ሳንቲም በምታህል ቀዳዳ ተበሳ። በቀዳዳዋ ገለባው ቀስ እያለ ሾልኮ ወጣ፤ ገለባው በለቀቀው ቦታ የጆንያው ስፌት ቋጠሮ ገባ። ቋጠሮው በየእርምጃው ያንኑ ቦታ ያሻል። መጀመሪያ ፀጉሩ ረገፈ፤ ቀጥሎ ቆዳው ቀላ፤ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፤ በሦስተኛው ገበያ ፈረጠ። ሸጋው ጭነቱ ሳይወጣበት በማለዳ ነጋድራሱ ዘንድ ቀረበ።

“ነጋድራስ፣ ድልድሌ ተቀዷል። ትንሽ ገለባ ብቻ ይበቃዋል።”

“እኔ በአንተ ዕድሜ ድልድል የሚባል ነገር አላውቅም ነበር” አለ ዳማ። ውሸቱን ነው፤ ድልድሉን ሲያበጅለት የኖረው አባ ግራጫ ነው። “ጭነት የሚከብደው ልቡ ለሰነፈ ነው። ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል ነጋድራስ።”

በዚያው ቀን ላህ ወንዝ ላይ ሸጋው ቁስሉን ለማዳን ጎኑን ሰበቅ ሲያደርግ እግሩ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። አህያው ተነሳ፤ ገብሱ ግን ራሰ። ማታ ሰፈር ላይ ግምገማ ተጠራ። ስለ ድልድሉ የጠየቀ አልነበረም፤ ስለ ገብሱ ብቻ ተጠየቀ። ሸጋው ለወር ግማሽ ቀለብ እንዲበላ ተፈረደበት፤ “ለሌሎቹ መማሪያ እንዲሆን” አለ ነጋድራሱ።

ሌሎቹም ተማሩ። የተማሩት ግን ገጠብ መደበቅን ነው። ማለዳ ማለዳ ጭቃ ላይ እየተንከባለሉ ቁስላቸውን በአፈር ይመርጉታል፤ ሲደርቅ ከቆዳቸው ቀለም ጋር አንድ ይሆናል። ዝንብ እንዳያሳብቅባቸው ጅራታቸውን ያለማቋረጥ ይወዘውዛሉ፤ ያየ ደስ ያላቸው ይመስለዋል። እመት ጦጢት በበኩሏ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል እያየች ትጽፋለች፤ “ሃያ አህያ፣ ሃያ ጭነት፣ ገጠብ የለም።” ዳማ ሪፖርቱን እየሰማ ይተኛል።

በእኛ ዘመን ይህን በሽታ የሚያውቁ ሞልተዋል። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ከጃፓን ከመጡት ትምህርቶች አንዱ፣ አለቃ ከወንበሩ ተነስቶ ሥራው ወዳለበት ቦታ ይውረድ የሚለው ነበር። ብዙ አለቃ ሠለጠነ፤ የምስክር ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የወረደው ስንቱ እንደሆነ ማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሠራተኛ መጠየቅ ይሻላል።

ከነጋድራሱ ቀድሞ ገጠብ የሚያውቅ አንድ ነበር፤ ጅብ። አያ ጅቦ የሲራራውን ሽታ ከላህ ጀምሮ እየተከተለ ቡሬ ድረስ መጣ። ቡሬ ዛሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ያለባት፣ ፎርማንና ሱፐርቫይዘር በየመንገዱ የሚገጥምባት ከተማ ናት፤ ያኔ ግን ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ የሚያድርባት ገበያ ነበረች። አያ ጅቦ ቀጥ ብሎ ወደ ዳማ ሄደና እጅ ነሳ።

“ነጋድራስ ሆይ፣ ብዙ ሲራራ አይቻለሁ፤ እንደ አንተ ያለ መሪ ግን አላየሁም። አህዮችህ አንዲት ቅሬታ የላቸውም። ምን ያህል ቢያከብሩህ ነው!”

“ሥርዓት ነው” አለ ዳማ።

“እስቲ እኔም ከሥርዓትህ እንድማር ዛሬ ከሰፈርህ አጠገብ ልደር።”

ዳማ ፈቀደለት። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ እንዲሉ፣ አያ ጅቦ እያነከሰ ሄዶ ከሸጋው አጠገብ ጋደም አለ። ሌሊት ላይ ጩኸት ሆነ። እማማ ቡሊት በኋላ እግሯ ደህና አድርጋ ባትጠልዘው ኖሮ ሸጋው አይተርፍም ነበር፤ ጅቡ ከጭኑ ሥጋ ቦጭቆ ጨለማ ውስጥ ገባ። ዳማ ቃጭሉን እያንቃጨለ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር።

ሲነጋ ዝንጀሮዎቹ ቁስለኛውን ሊያጥቡ ውሃ አመጡ። ጭቃው ሲለቅ ገጠቡ ታየ። “ሌላውንም እጠቡ” አለች ቡሊት። ከሃያው ጀርባ አሥራ አንዱ ገጥቦ ተገኘ። ዳማ አንዱን አይቶ ወደ ሌላው ዞረ፤ አፉ ደረቀ።

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

ሁሉም ጆሮውን አስተኛ። የመለሰችው ቡሊት ናት።

“ተነግሮህ ነበር ልጄ። ሸጋው ነገረህ፤ አንተም ከቀለቡ ግማሹን ቆረጥህበት። ከዚያ ወዲያ ማን ሞኝ ይነግርሃል? አሁን ደግሞ አያቴ በዚሁ በቡሬ ያየችውን ልንገርህ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ዊንጌት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ጌዲዮን ያሉትን ጦር ይዞ በበላያ አድርጎ ወደዚህ መጣ። ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ከሱዳን የተነዱ ግመሎች ናቸው፤ ወደ 15,000 ነበሩ ይላሉ የጻፉት። የበረሃ እንስሳ ነው፤ የኛን ዳገትና ብርድ ምኑን ያውቀዋል? ከነጂዎቹም ብዙዎቹ ግመል መጫን አያውቁም ነበር። በየመንገዱ ወደቁ። ኋላ የሚመጣ ሰው መንገዱን በሬሳቸው ሽታ ያገኘው ነበር አሉ። አዲስ አበባ የደረሱት 53 ናቸው ይባላል።”

“ግን አሸንፈዋል’ኮ!” አለ ዳማ።

“አሸንፈዋል እንጂ። ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ፤ ንጉሡ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ማሸነፉን ግመሎቹን ጠይቃቸው። ደግሞስ ጦርነት አንድ ጊዜ ነው፤ ግመሉን ጨርሶ ያሸንፋል። ገበያ ግን በየሳምንቱ ነው ልጄ። የዛሬ ሳምንት በምን ጀርባ ልትጭን ነው?”

ይሻር የሚል ድምፅ ተነሳ። ቡሊት እምቢ አለች። “ብንሽረው ሌላ በቅሎ ነው የምንሾመው። ይልቅ እስከ ገበዘ ማርያም ከኋላ ይሂድ። የሸጋውን ጭነት ይሸከም፤ በሸጋው ድልድል፣ እንደተቀደደ። ቃጭሉ ደግሞ ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚሄደው አንገት ላይ ይታሰር፤ ድምፁ ከራቀ ፊት ያለው ይቁም።”

እንደተባለው ሆነ። ዳማ በሹመቱ ዘመን ከፊት ሲሄድ ያየው መንገዱን ብቻ ነበር፤ አሁን ፊቱ ያለው የሃያ አህዮች ጀርባ ነው። አንዷ ግራ እግሯን እንደምትቆጥብ አየ። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሲሄዱ እየተጋፉ የሦስተኛዋን ጭነት እንደሚያዛቡ አየ። ከሁሉም ያስገረመው ደግሞ፣ ሰነፍ ብሎ ስንት ጊዜ የገሰጸው አንድ ቡላ አህያ ነው፤ ዳገት ሲመጣ ሆን ብሎ ፍጥነቱን እየቀነሰ የደከሙትን ከኋላው ያሳርፋል። ይህ ውለታ በእመት ጦጢት መዝገብ ውስጥ አንድም ቀን አልተጻፈም።

ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ያ የገበያ ፈረስ አየውና ሳቀ። “ነጋድራስ! ከአህዮች ኋላ ምን ትሠራለህ?”

“የአባቴ ዘመዶች ናቸው” አለ ዳማ፣ ሳይቆም።

የዚያን ጊዜ ቋጠሮው ጀርባውን ማሸት ጀምሮ ነበር። ወደ ደጋው ዳገት ግማሽ ላይ ግን አልቻለም፤ ቆመና አንዱን ዝንጀሮ ጠራ። “ድልድሌ ተቀዷል” አለው፤ “ትንሽ ገለባ ብቻ ይበቃዋል።” ዝንጀሮው ቡሊትን አየ፤ ቡሊት ሸጋውን አየች። ሸጋው ከቁስሉ ጋር እያነከሰ ወደ መንገዱ ዳር ወጣ፣ ከአጨዳው የተረፈ ጭድ በአፉ ዘግኖ አመጣና ዝንጀሮው እግር ሥር ጣለው። ዳማ ሊያመሰግነው አፉን ከፈተ፤ ሸጋው ግን ተመልሶ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ገበዘ ማርያም ከኮሶው ሥር የመጨረሻው ፍርድ ተሰጠ። የራሰው ገብስ ዋጋ ከነጋድራሱ ድርሻ ይከፈላል። ለሸጋው የተቆረጠበት ቀለብ ይመለስለታል፤ ቁስሉ ደርቆ ፀጉር እስኪያወጣ ሳይጭን ሙሉ ቀለብ ይበላል። ዳማ እስከሚቀጥለው መኸር በሙከራ ይቆያል፤ ዶሮ ሲጮኽ ድልድል ያያል፣ መንገድ ላይ ከኋላ ይሄዳል፣ ገጠቡን የተናገረ አህያ አይቀጣም። እመት ጦጢትም ከዛፍ ወርዳ ጀርባውን በእጇ እየዳሰሰች እንድትጽፍ ታዘዘች። የጸሐፊ ክብሬን ይነካል ብላ ይግባኝ አለች፤ ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ዳማ የገብሱን ዕዳ በአራት ገበያ ከፍሎ ጨረሰ።